ሐይቅ ሳታይ ግንብ ስለገጨችው መኪና የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ከመታወቂያው ተገልብጦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሥራ ቦታው «ብሎን» ይባላል
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ መካኒክ፣ የራሱ ጋራዥ ያለው
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ጋራዥ
ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና፦ የሚስቱ ታላቅ ወንድም
ከተጎጂዋ ጋር ያለው ዝምድና፦ ልጇ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ 9/7፣ ከጠዋቱ 4፡10 ሰዓት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ በእህቴ ቤት በር ላይ ቆማ የነበረች መኪና ቁልቁል ተንሸራታ የፋርማሲውን ግንብ በመግጨቷ በእናቴ ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። እናቴ የ74 ዓመት ሴት ስትሆን የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች ብሎ ቃል አልገባልንም። የእህቴ ባል በቸልተኝነት ጉዳት በማድረስ ተጠርጥሮ በዚሁ ጣቢያ ከታሰረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የቀረበልኝ ጥያቄ የመኪናዋ የእጅ ፍሬን ይሠራ ነበር ወይ፣ ተጠርጣሪውስ ከመውረዱ በፊት ስቦታል ወይ የሚል ነው። ወደዚያ እደርሳለሁ። መርማሪው ሰውየውን የሚያውቁት ከሦስት ቀን ወዲህ ስለሆነ፣ እኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት ስለቻልኩት፣ አስቀድሜ ማንነቱን ላስረዳ ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ተጠርጣሪው በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነው። ሥራው ሌላ ሰው ሊሠራ ያሰበውን ሥራ በወረቀት ላይ በሣጥን በሣጥን ከፍሎ ቀለም መቀባት ነው። በሰፈሩ «ኮሚቴው» እየተባለ የሚጠራ ሲሆን ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እህቴን ካገባ ጀምሮ ሚስማር ሲመታ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንንም ግድግዳውን በሜትር ለክቶ፣ በእርሳስ ሦስት ቦታ ምልክት አድርጎ፣ መብራት አስበርቶ፣ በመጨረሻ የመታው አውራ ጣቱን ነው። ሚስማሩን እኔ መታሁት።

ከሦስት ዓመት በፊት ይኸው ሰው በቢሮው የቀን መቁጠሪያ ላይ በተራሮች መካከል የሚገኙ ሁለት ሐይቆችን ፎቶ አይቶ፣ ቤተሰቡን በመኪና ይዞ አስፋልት በሌለበት መንገድ ወጥቶ፣ ሐይቆቹ ዳር ድንኳን ተክሎ አምስት ቀን ለመቆየት ወሰነ። ወሰነ ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ ሐሳቡን ለስብሰባ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከምሳ በኋላ በእህቴ ሳሎን ስብሰባ ይደረጋል። ተሰብሳቢዎቹ እሱ፣ እህቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃቸው፣ እናቴና እኔ ነን። አጀንዳ ይነበባል፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል። የሳሎኑ መስተዋት ላይ ካርታ ስለተለጠፈበት እህቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ፀጉሯን የምታበጥረው መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው። ካርታው ላይ ቀይ ክር ተወጥሯል፤ ክሩ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ መርፌው ሁሉ ቁጥር፣ ቁጥሩ ሁሉ ማብራሪያ አለው። ለሁላችንም የሥራ ድርሻ ተሰጥቶናል፤ ለእህቴ ምግብና ውሃ፣ ለልጅቱ ካርታና ሰዓት፣ ለእኔ ቴክኒክ። እናቴ እኔስ ብላ ስትጠይቅ «እማማ፣ እርስዎ የሞራል ድጋፍ ነዎት» ተባለች። እናቴ በዚህ ሹመት ተደስታ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ከርማለች።

በአንደኛው ስብሰባ ማንኪያው አምስት ይሁን ስድስት በሚለው ነጥብ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ውይይት ተደርጎ፣ ስምምነት ባለመደረሱ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ቃለ ጉባኤው ተጠርጣሪው ለፖሊስ ባስረከበው 64 ገጽ ፋይል ውስጥ ስላለ መርማሪው ሊያዩት ይችላሉ።

የመነሻው ቀን ሰባት ጊዜ ተራዝሟል። አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በልጅቱ ፈተና፣ አንዴ ደግሞ የማተሚያው ቀለም ስላለቀ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ለእህቴም የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ካርታ ቢለጥፍም አያስጥልም ብያት ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። እኔ ግን በየወሩ እሑድ መሄዴን አልተውኩም። ለምን እንደምሄድ መርማሪው ጠይቀውኝ፣ ለመሳቅ ነው ብዬ መልሻለሁ። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ሰዓት እሱ ነበር።

መኪናዋ ከአንድ የቅየሳ ድርጅት የወጣች አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ ስትሆን የመረጥኳት እኔ ነኝ። እሱ የመረጠው የመቀመጫዋን ልብስ ነው። ጭቃና ገደል የምታውቅ ጠንካራ መኪና ነበረች። በእሱ እጅ ከገባች ወዲህ የወጣችው ትልቁ ዳገት የሱፐርማርኬቱ ማቆሚያ ሲሆን፣ እሱንም የሚወጣው ትንሿን ማርሽ አስገብቶ ነበር። ትንሿ ማርሽ የምለው ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን፣ ለመጥፎ መንገድ ጉልበት የምትጨምረውን ነው። እሷ መሐል ላይ ከተተወች ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ዋናው ማርሽ ቢገባም መኪናን አይዝም። ይህን ለተጠርጣሪው ቢያንስ አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ። አሥሩንም ጊዜ ማስታወሻ ይዟል።

ከአምስት ሳምንት በፊት ተጠርጣሪው ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት መኪናዋ ከፍ ትበል ብሎ ጋራዤ አመጣት። መኪናዋን ጎማው ላይ በሚሸከመው ባሌስትራ ሥር ብረት ጨምሬ በአራት ጣት ያህል ከፍ አደረግኋት። መኪና በዚህ ዓይነት ከፍ ሲል የእጅ ፍሬኑ ካቦ፣ ማለትም ከእጅ መሳቢያው እስከ ኋላ ጎማ የሚደርሰው ገመድ፣ ያጥራል። ስለዚህ አሮጌውን ካቦ ፈትቼ ጫፉን የመኪናዋ የብረት አጽም ከሆነው ሻንሲ ጋር በሽቦ አሰርኩትና ረዘም ያለ አዘዝኩ። አዲሱ ካቦ መኪናዋ ጋራዤ ውስጥ እንደቆመች በሳምንቱ ደረሰልኝ። ጋራዤ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆንም አልገጠምኩትም። ሥራ ያላቸው ሰዎች መኪናቸውን አቁመው እየጠበቁኝ፣ የትም ለማይሄዱ ሰዎች መኪና ሥር ተኝቼ ሰዓቴን አላቃጥልም ብዬ ነው። ሲነሱ እገጥመዋለሁ፣ አይነሱም እንጂ ብዬ ነበር ለራሴ።

በዚህ ጊዜ መርማሪው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ የምናገረው ቃል ራሴን ሊያስከስሰኝ እንደሚችልና መናገር ማቆም መብቴ መሆኑን አስረድተውኛል። ገብቶኛል፣ ይቀጥሉ ብያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ተጠርጣሪው ከሥራ ወጥቶ ወደ ጋራዤ መጣ። የመነሻው ቀን ለስምንተኛ ጊዜ ተቆርጦ የፊታችን ዓርብ ሆኖ ነበር። በእጁ የያዘው የፋይሉን ገጽ 11 ሲሆን፣ «ከመነሻ በፊት የሚረጋገጡ» የሚል ርዕስና 46 ተራ ቁጥሮች ያሉት ነው። በእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ፊት የኃላፊው ምልክት የሚደረግበት ሣጥን አለ። እስክሪብቶው እንዳይጠፋበት በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እኔ የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝቼ እየሠራሁ፣ እሱ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሮ ያነብልኝ ጀመር። የዝናብ መጥረጊያ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የመለዋወጫው ጎማ ንፋስ እያለ ቀጠለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ትዕግሥቴ አልቆ ከመኪናው ሥር ወጣሁ። እስክሪብቶውን ከነክሩ ወደ ራሴ ጎትቼ በሣጥኖቹ ሁሉ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩና ከግርጌው ፈረምኩ። አንገቱ በክሩ ተስቦ ፊቱ ከፊቴ ጋር ሊጋጭ ደርሶ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ በአንድ ብናየው አይሻልም?» አለኝ። አንድ በአንድ የሚታይ ምስር ነው ብዬ መለስኩለት። ሠራተኞቼ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሲቀልዱበት አብሮ መሳቅ ልማዱ ነው። አመስግኖኝ መኪናዋን ይዞ ሄደ። ተራ ቁጥር 38 የእጅ ፍሬን ነው።

እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ለመጨረሻው ልምምድ ተጠርቼ እህቴ ቤት ደረስኩ። ልምምድ የምለው እውነቱን ነው። በዓለም ላይ ሰው ሽርሽር ሲሄድ እንጂ ሽርሽር ሲለማመድ አይቼ አላውቅም። በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ላይ ታጥፎ የሚቀመጥና ሲዘረጋ በመሰላል የሚወጡበት ድንኳን ነበር። ግቢው ስለሚጠብ ልምምዱ በራቸው ላይ፣ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር እንዲካሄድ በስብሰባ ተወስኗል። ዕቅዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ድንኳን ዘርግቶ ማረፊያ ሰፈር መሥራት ነው። አስፋልቱ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ተጣጣፊ ወንበሮች ተደረደሩ፣ እግረኛው መንገድ ላይ የጋዝ ምድጃ ተቀመጠ። ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ከሱቁ ብቅ ብሎ «ቤት እየለቀቃችሁ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ልጅቱ ፊሽካ ይዛ «አባዬ፣ አራት ደቂቃ ዘግይተሃል» እያለች ትጮህበታለች። እኔ የግቢው በር ላይ ተደግፌ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ተጠርጣሪው በቢጫ ቀለም የተቀቡ ሁለት የእንጨት ታኮዎች አሉት። ጎማ ሥር የሚደረጉት እነዚህ ታኮዎች መኪናዋን ይይዟት ነበር። በዕለቱ ግን «ሐይቅ ዳር የሚከፈት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ስለነበር፣ ሐይቅ ዳር አይደለንም በማለት አልከፈተውም። ከዚያ በፊት ለልጅቱ ስለ ትንሿ ማርሽ ትምህርት ሰጥቷት ማርሿን መሐል ላይ ትቷታል። ይህን ያወቅሁት ከአደጋው በኋላ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር መኪናዋን ስናያት ነው። ይህ የእሱ ጥፋት ነው፤ አልሸከምለትም። መኪናዋ ለጥቂት ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ የቆየችው የፊት ጎማዋ አስፋልቱ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ አርፎ ስለነበር ብቻ ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ገደማ ድንኳኑ ተዘርግቶ አለቀ። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉ ላይ ወጣች። ጉልበቷ ያማታል፤ እህቴ ከሥር ደግፋታለች። ማንም አላዘዛትም። ሐይቁን እስካይ ድንኳኑን ልየው ብላ ነው። ገብታ ተጋደመች፤ ከውስጥ ሆና ይሞቃል እያለች ታወራ ነበር። ጎኗን ስትለውጥ መኪናዋ ወዝወዝ ብላ ጎማው ከጎድጓዳው ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ እንኳ የፈጀ አይደለም። ወንበሮቹን ጨፍልቃ፣ ምድጃውን ገልብጣ፣ ሰላሳ እርምጃ ያህል ቁልቁል ወርዳ የፋርማሲውን ግንብ ገጨች። ድንኳኑ ከፖርቶ መጋላው ተነቅሎ ከነእናቴ እግረኛው መንገድ ላይ ወደቀ። ተጠርጣሪው መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ግንቡ ድረስ ተጎትቷል፤ የሁለት ጉልበቱ ቆዳ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ያ ሰው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ሻይዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ነበርኩ።

መርማሪው ተጠርጣሪው እሑድ ከሰዓት የሰጠውን ቃል አንብበውልኛል። በቃሉ የእጅ ፍሬኑ ደህና እንደነበረ፣ እሱ ግን ሳይስበው ረስቶ እንደወረደ አስፍሯል። ገጽ 11 ከፋይሉ ውስጥ የት እንደሄደ ሲጠየቅም ጠፍቶብኛል ብሏል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የዳቦ ደረሰኝ እንኳ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው። ወረቀቱ አልጠፋም። ትናንት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እህቴ ከሆስፒታል ጋራዤ መጥታ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ከፋይሉ አውጥቶ፣ ለወንድምሽ ስጪው ብሎ አስይዟት ነበር። ለምን ብላ ስትጠይቀው፣ ፊርማው ከተገኘ ጋራዡ ይዘጋበታል አላት። እህቴ ይህን ነግራኝ «ቅደደው ወይም አትቅደደው፣ እኔ እንደሆነ አላይህም» ብላ ወጣች።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። በሕይወቱ ያለ ስብሰባ የወሰነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ውሸት ነው፤ እሱንም አላወቀበትም። ፍሬኑ ደህና ነበር ይላል፤ ካቦው ግን በሽቦ ታስሮ እዚያው ሻንሲው ላይ አለ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ያየ ማንኛውም ጀማሪ ያገኘዋል። አንድ ሰው ለእኔ ሲል የሚታሰር ከሆነ ቢያንስ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን እመርጥ ነበር። ሌሊቱን እንዲህ እያልኩ ስሳደብ አደርኩ። ጠዋት ሆስፒታል ስሄድ እናቴ የጠየቀችኝ ስለ እሱ ነው፤ ጉልበቱን አሠርቶ ይሆን ወይ አለችኝ። አፈርኩ። ወደዚህ የመጣሁት ከዚያ ነው።

አሁን የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ። የእጅ ፍሬኑ አይሠራም ነበር፤ እንዳይሠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይሠራል ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ተጠርጣሪው ስቦታል። ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ሲስበው በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለት እጁ ነው የሳበው፤ መሳቢያው ምንም ሳይከብደው እስከ ላይ ድረስ መጣለት። ግራ ገብቶት በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለኝ። ሚስማር ላይ የሰቀልኩት ካቦ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ልብስ ሰፊው እያየ ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ነበር። መኪናዋ አንድ ስንዝር ብትንሸራተትበትና ኮሚቴው በሰው ፊት ቢደነግጥ እንዴት እንደምንስቅ አሰብኩ። አዎ፣ እንዲያ ነው፣ ጎበዝ አልኩት። አመስግኖኝ ወረደ።

እናቴ መሰላሉን ስትይዝ ቆይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቆይ ብዬ ብናገር ለምን የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለምን ለሚለው መልሱ ደግሞ ያ ወረቀት ልክ ነበር፣ አንድ በአንድ ማየት ነበረብን የሚል ነው። ይህን በእሱ ፊት ከምናገር ዝም ማለት ቀለለኝ። ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ ድንኳኑ አፍ ድረስ ሰባት ደረጃ ነው፤ እናቴ ቀስ ብላ ነው የወጣችው፣ ሁለት ጊዜም ቆማ ትንፋሽ ወስዳለች። ሻይዬን ጠጣሁ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል በተናገርኩት መሠረት የተጻፈ ሲሆን፣ ተነብቦልኝ የኔ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ በማንም አልተገደድኩም፣ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እናገራለሁ። መርማሪው ከመፈረሜ በፊት፣ ስለ ፍሬኑ ዝም ያልኩት «በመዘንጋት» ነው የሚል ቃል ይግባ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አይግባ ብያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
አባሪ፦ ገጽ 11፣ አንድ ቅጠል፣ አራት ቦታ የታጠፈ